አንጓዬ ላይ የታሰረችው የገብስ አገዳ

ንፋስ መውጫ የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ እኔን የሚጠራ ቤት የለም። ካለፈው መኸር ጀምሮ ሴቱ ሁሉ እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ የቤቱ ወፍጮ ዶሮ ሲቆምበት ይውላል። ሥራዬ ወፍጮ መውቀር ነበር። ወፍጮ ሲፈጭበት ከርሞ ሲልም፣ የላይኛው ድንጋይ፣ መጁ፣ ይንሸራተትና እህሉን መፍጨቱን ትቶ ማሸት ይጀምራል። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ የድንጋዩን ገጽ በብረት እየመታ እንደገና ያሻክረዋል። ብዙ ሴት የራሷን ትወቅራለች፤ ደህና አድርጋ የምትወቅር ግን ጥቂት ናት። እኔ ይህን ሥራ ይዤ አሥር ዓመት ያህል ከቤት ቤት ዞርሁ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሥራ ተሰናበትሁ ማለት ያሳፍራል፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

የሞተሩ ባለቤት አቶ ባዬ ሚዛን ላይ አስቀምጠው እህል እንድመዘግብ ቀጥረውኛል። እስከ አራተኛ ክፍል ስለ ተማርሁ ቁጥር አይጠፋኝም። በቀደም የሞተሩን ድንጋይ የሚወቅረው ሰው ሲደበድበው ሰማሁና አላስችል ብሎኝ ከሚዛኑ ተነሣሁ።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«እጅህ…» ብዬ ቀረሁ።

«እጄ ምን ሆነ? አማረሽ?» አለና ሣቀ፤ ተራ የሚጠብቁትም አብረውት ሣቁ።

ሰው ፊት ስቆም ቃል ከጉሮሮዬ አይወጣም፤ ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። ወደ ሚዛኔ ተመለስሁ። ልነግረው የፈለግሁትን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በደብተር መጻፍ ጀመርሁ። የምጽፈው ስለ እጅ ብቻ ነበር። ስለ እጅ ስጽፍ ግን እቴ አዝመራን መጻፍ ግድ ሆነ፤ እሳቸውን ስጽፍ ደግሞ ያደረግሁባቸውን መዝለል አልቻልሁም።

እቴ አዝመራ የቀጥቃጭ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረው ሞተዋል። ቤታቸው ከእኛ ቤት ቁልቁል፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ለብቻው የቆመ ነው። አገሩ ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፤ ቤታቸው ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን የለም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እሳቸው ሲያልፉ እናቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ጎልማሳውም ኮበሌውም «አንቺ» ይላቸዋል። እኔም ብሆን አንቱ ማለት የጀመርሁት መውቀሪያውን ካስያዙኝ በኋላ ነው።

እናቴ ስትሞት ትምህርቱን ትቼ የአባቴን ቤት ያዝሁ። ወፍጮአችን ልሞ ነበርና በራሴ ልወቅረው ስል የድንጋይ ፍንካች ተፈናጥሮ ቅንድቤን ቀደደኝ። ብረቱ ዶልዱሞ ነው ብዬ ሊስሉልኝ ወደ እቴ አዝመራ ወሰድሁት። በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ብረቱ ምንም አልሆነ። እስቲ እዚያ ድንጋይ ላይ አንዴ ምቺ።»

መታሁ።

«በስንት እጅሽ ነው የመታሽ?»

«በሁለት።»

«በአንድ ነው። አንዱ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣ።»

ቅንድቤን በጨርቅ አሰሩልኝና «ከፈለግሽ ነገ ነይ፤ ካፈርሽ ደግሞ በጓሮ በኩል ነይ» አሉኝ። በጓሮ በኩል ሄድሁ። ሁለት ዓመት በጓሮ በኩል ተመላለስሁ።

ለሞተሩ ሰውዬ ልነግረው የነበረው ነገር ይህ ነው። የመውቀሪያው እጀታ ክንድ ያህላል። ግራ እጅ ጫፉን ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ወደ ብረቱ ጠጋ ይላል። ቀኙ ይወረውራል፣ ግራው ይመራል። እስከዚህ ማንም ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው ብረቱ ድንጋዩን በሚነካበት ቅጽበት ነው። እጁ ከላይ ደህና ይመጣል፤ ሊነካ ሲል ይፈራል፤ ሲፈራ ግራ እጁን ያቆማል። ግራው ሲቆም ቀኙ ይገለበጥበታል፤ የግራ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፍና ብረቱ እጅን ቀድሞ ይደርሳል። እንዲህ የመጣ ብረት በአፉ አይወድቅም፤ በጎኑ ይወድቅና ድንጋዩን ከሥር ይፈነቅለዋል። የተፈነቀለችው ቅንጣት ወዲያው ብትወድቅ ምንም አልነበረም። አትወድቅም። እንደ ተሰነጠቀች ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ውሃም መጥረጊያም አያወጣት። የምትወጣው በሌላ ቀን፣ መጁ ሲረግጣት፣ ከዱቄቱ ጋራ ነው።

ትክክለኛው እጅ አይቆምም። ብረቱ ድንጋዩን ሲነካ ሁለቱም እጆች ከብረቱ ጥቂት ቀድመው ማለፍ አለባቸው። የግራ አንጓ እንደ መቀርቀሪያ ቀጥ ይላል፤ ጣቶች ግን ላላ ይላሉ። በምቱ ቅጽበት ብቻ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶች ጨበጥ አድርገው ወዲያው ይለቃሉ። ከዚያ ብረቱ ራሱ ይነሣል። ጥሩ ምት «ጢን» ብሎ ይነሣል፤ መጥፎው «ጩክ» ብሎ እዚያው ይቀራል።

እቴ አዝመራ ይህን ሁሉ በቃል አላስተማሩኝም። ከክምሩ ላይ አንድ ደረቅ የገብስ አገዳ ይመዛሉ፤ በግራ እጄ ጀርባ ላይ፣ ከመዳፌ እስከ ክንዴ፣ አንጓዬን አሻግረው ከታችና ከላይ በክር ያስሩታል። አንጓዬ ወደ ኋላ ከታጠፈ አገዳው ቀጭ ይላል። በመጀመሪያው ቀን የተሰባበረ አገዳ እግሬ ሥር ተከመረ። አይቆጡም፣ አያመሰግኑም።

«ተሰበረ። ሌላ።» ቃላቸው ይኸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ወቅረው ሲጨርሱ ወፍጮውን ያጥባሉ፣ ገብስ ይፈጩበትና ለዶሮ ይጥሉታል። ደግመው ይፈጩና ከሁለተኛው ዱቄት ቆንጠር አድርገው አፋቸው ያስገባሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በፊት ጥርሳቸው ቀስ እያሉ ያኝካሉ፤ ከዚያ ዘወር ብለው እንትፍ ይሉታል። ድንጋይ ያለበትንም የሌለበትንም እንትፍ ይላሉ።

«ጥሩ ከሆነ ለምን አይውጡትም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እርግጠኛ የሆንሁበት እጅ ሲሆን እውጣለሁ።»

የራሳቸውንም ይተፉ ነበር። ሁለት ዓመት ስመላለስ አንድም ቀን ሲውጡ አላየሁም።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ የደብራችን ንግሥ ሲቃረብ፣ አንዲት እማሆይ ቤታችን መጡ። የመገበሪያውን ስንዴ፣ ማለት ለቁርባን የሚሆነውን፣ የሚፈጩ እሳቸው ናቸው።

«የመገበሪያው ወፍጮ ልሟል፣ ልጄ። የእኔ እጅ እንግዲህ አልታዘዝ ብሏል። ነይና ውቀሪልን» አሉኝ።

«እቴ አዝመራን ልጥራ?»

«በስመ አብ! የሷ እጅ የመገበሪያ ወፍጮ ሊነካ? ገበዙ አንቺ ትምጣ ብለዋል።»

ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥራ የሚይዙ፣ አገሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ነበሩ። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ «ትመጣለች፣ ትመጣለች» አለ። ደስ ብሎት ነበር።

ለእቴ አዝመራ ሄጄ ነገርኋቸው።

«ብቻሽን ስትሆኚ እጅሽ ደርሷል። ሰው ሲያይሽ ግን እስካሁን አገዳ ትሰብሪያለሽ።»

«አልሄድም ልበል?»

«ለገበዙ አልሄድም ማለት ትችያለሽ?»

አልችልም ነበር። ገብተው የራሳቸውን መውቀሪያ አመጡ፤ ባላቸው ለእሳቸው ብለው የሠሩት ነው። አገዳውን አንጓዬ ላይ አሰሩ። «ከቅጥሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ባላይሽም እሰማሻለሁ» አሉኝ።

ቅዱስ ቁርባኑ የሚዘጋጅበት ቤት፣ ቤተ ልሔም የሚሉት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ነው። ወፍጮው በደጃፉ ተቀምጧል። ስደርስ ገበዙ፣ እማሆይ፣ ሦስት አራት ካህናትም ነበሩ። ከእነሱ መካከል ቄስ ሞገስ ብቻ «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሰው ናቸው። ተንበርክኬ እጀታውን ስይዝ ገበዙ ጎንበስ አሉ።

«ያ አንጓሽ ላይ የታሰረው ምንድን ነው?»

መልሱ ቀላል ነበር። አገዳ ነው፣ አንጓዬ እንዳይታጠፍ ነው ማለት ብቻ ነበር። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም።

«ክታብ ነው? ቀጥቃጯ ናት ያሰረችልሽ? በእግዚአብሔር ቤት ቅጥር ውስጥ!»

ፈትቼ ጣልሁት።

መምታት ጀመርሁ። መጀመሪያ ደህና ሄደ፤ «ጢን፣ ጢን» ይላል። ወደ ግርጌው ጥግ ስደርስ ገበዙ ጥላቸው እጄ ላይ እስኪያርፍ ተጠጉ። ጣቶቼ እጀታውን አነቁት። ግራ እጄ ሲቆም ይታወቀኛል፤ ቀኙ ሲገለበጥ ይታወቀኛል፤ ግን ማስተካከል አልቻልሁም። «ጩክ።» ደግሞ «ጩክ።»

ከቅጥሩ ውጭ ድምፅ መጣ፦ «እናኑ! አገዳሽን!»

«ማናት የምትጮኸው?» አሉ ገበዙ።

ያልሰማሁ መሰልሁ። ያን ጥግ እንደዚያው መትቼ ጨረስሁት። አጠብሁ፣ አንድ ጊዜ ተፈጭቶ ተጣለ፤ ሁለተኛውን ራሴ ቆንጥሬ አኘክሁ፣ ምንም የለበትም። እማሆይ «ተባረኪ» አሉኝ። ወጣሁ።

እቴ አዝመራ የወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ብረቱ ስንት ጊዜ ነከሰብሽ?»

«ግርጌው ጥግ ላይ… ጥቂት።»

«ተመለሺ። ይህ ጥግ ተበላሽቷል፣ እንደገና ልውቀረው በያቸው። ዛሬ ንጹሕ ቢመስል ነገ ያወጣዋል። ሂጂ።»

ተመለስሁ። ከደጀ ሰላሙ ደረስሁ። ካህናቱ ቆመው ያወራሉ፤ ገበዙ አዩኝና «ምን ረሳሽ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁና ወጣሁ።

«ነገርሻቸው?» አሉኝ እቴ አዝመራ።

«ነገርኋቸው» አልሁ። «ግድ የለም፣ ይበቃል አሉኝ።»

ንግሡ ቅዳሜ ዋለ። በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ካህናቱ ሥጋ ወደሙ በሚቀበሉበት ሰዓት ውስጥ የሆነው አይታየንም፤ ብቻ ዜማው በማይቋረጥበት ቦታ ተቋረጠና ቆይቶ ቀጠለ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ቄስ ሞገስ ሲወጡ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ይዘው ነበር። ኅብስቱን ሲቀበሉ ከወንፊት ያለፈች የድንጋይ ፍንካች ገጥማቸው የመንጋጋ ጥርሳቸው ተሰበረ። የተቀበሉትን መትፋት ደግሞ የማይታሰብ ነገር ነው። ከድንጋዩ፣ ከጥርሳቸው ስባሪና ከደማቸው ጋራ ዋጡት። እንዳይተፉ አፋቸውን ይዘው፣ እየዋጡ፣ ቅዳሴውን አስፈጸሙ።

ሕዝቡ ገና ከቅጥሩ ሳይወጣ ገበዙ ጠየቁ፦ «ወፍጮው የተወቀረበት ብረት የማን ነው?»

«የቀጥቃጯ» አለ አንዱ።

«በልጅቱ አንጓ ላይም ክታብ አስራባት ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በቅጥሩ ማዶም ተቀምጣ ትጮኽ ነበር።»

በቃ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔማ የተተበተብሁ ምስኪን ልጅ ሆንሁ፤ ሴቶቹ መጥተው ጠበል ረጩብኝ። እቴ አዝመራ እስከ ረቡዕ አገር ለቀው እንዲወጡ ተወሰነ። ካልወጡ ቤታቸው ይቃጠላል ተባለ።

እሑድ ምንጩ ላይ ሴቶቹ የእቴ አዝመራን እንስራ ሰበሩባቸው። ሰኞ እሳት የሚሰጣቸው ጠፋ፤ በራቸው ላይ ጭቃ ተለጠፈ። ሰኞ ከሰዓት በጓሮ በኩል ሄድሁ። ወናፉን እየጠቀለሉ ነበር።

«ነግሬያቸዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ዝምታዬን ሰሙት። ሌላ አልጠየቁኝም። ገበዙ ዘንድ ሄደው «ልጅቱ ናት» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ቢታመኑስ ይሉ ነበር ወይ? እስካሁን አላውቅም።

ለአባቴ ነገርሁት። መደቡን በመዳፉ መታው።

«ዝም በይ! የመገበሪያ ወፍጮ ያበላሸች ከተባልሽ ማን ያገባሻል? እሷ እንደሆነ ከድሮም ስሟ ክፉ ነው፤ አንድ ቢጨመር ምን ይጎድልባታል?»

«ረቡዕ ቤታቸውን ያቃጥሉታል፣ አባዬ።»

«ያንቺ ቤት ነው?»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከቤተ ልሔሙ ደጅ ተሰብስበው ነበር፤ ያን ወፍጮ ይጣል ወይስ ጠበል ይረጭ በሚለው ይነጋገራሉ። መውቀሪያውን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። ሁሉም ዘወር አሉ።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» አሉ ቄስ ሞገስ። ጉንጫቸው እንዳበጠ ነው።

አፌን ከፈትሁ። ምንም።

«ይኸው አያችኋት፤ ቀጥቃጯ አፏን ይዛታለች» አሉ ገበዙ። «ያንን ብረት ከዚህ አውጡት!»

ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣኋቸውን ሁለት አገዳዎች ፈታሁ። አንዱን አንጓዬ ላይ አደረግሁና ክሩን ለእማሆይ ዘረጋሁላቸው። እማሆይ ወደ ገበዙ አዩ፣ ወደ ቄስ ሞገስ አዩ። ቄስ ሞገስ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አሰሩልኝ። ወፍጮው ግርጌ ተንበረከክሁና እንደዚያ ቀን አድርጌ፣ ጣቶቼን አንቄ፣ ግራ እጄን አቁሜ መታሁ። «ጩክ።» አገዳው ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ወደቀ።

«ያን ቀን እንዲህ ነው የመታሁ» አልሁ።

የራሴን ድምፅ ስሰማ ደነገጥሁ። ግን ከወጣ ወዲያ አልቆመም።

«ክታብ አይደለም፣ የገብስ አገዳ ነው። እጄ ሲሳሳት የሚሰበር ነው። እቴ አዝመራ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። እኔ ግን አፍሬ ፈታሁት። ይህን ጥግ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ተመልሰሽ ንገሪያቸው ብለውኝ ነበር፤ መጣሁ፣ ሳልናገር ሄድሁ። ለእሳቸውም ነግሬያለሁ ብዬ ዋሸሁ።»

ሁለተኛውን አገዳ እማሆይ ሳልጠይቃቸው አሰሩልኝ። ያንኑ ብረት ይዤ ጥጉን በሙሉ እንደገና ወቀርሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ገበዙ እዚያው ራሴ ላይ ቆመዋል። አንድ «ጩክ» ብትሰማ የእቴ አዝመራ ቤት ይቃጠላል፤ እሱን እያሰብሁ እጄን ማላላት እንዴት እንደሚከብድ መጻፍ አልችልም። ግራ እጄን እንዳይቆም እያባበልሁ አሳለፍሁት። ስጨርስ እጄን ዘረጋሁላቸው። አገዳው ደህና ነበር።

አጠብን። ተፈጨ፣ ተጣለ፤ ተፈጨ፣ ተጣለ። ሦስተኛው ሲፈጭ ቄስ ሞገስ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባ፣ ጥርስዎ!» አሉ እማሆይ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለብኝም» አሉና ቆንጥረው አፋቸው ከተቱ። በዚያው በታመሙበት ጎን አኘኩ። ረዥም ጊዜ አኘኩ። ከዚያ ወደ ገበዙ ዞረው «ብረቱ ያው ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው። ሴትዮዋን ተዉአት» አሉ።

እየሮጥሁ ወረድሁ። በጓሮ በኩል አልሄድሁም። እቴ አዝመራ ዕቃቸውን አህያ ላይ እየጫኑ ነበር።

«ይቀመጡ ተባለ! ሁሉን ነገርኋቸው! ቄስ ሞገስ ዱቄቱን ቀመሱት!»

ገመዱን መሳብ አልተዉም።

«ዱቄቱን ቀመሱና አመኑ?»

«አዎን!»

«እኔ እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ማረሻ ስስልላቸው ኖሬያለሁ። ለዚያ ነው የምቀመጥላቸው? ዱቄት ለቀመሱበት?» ገመዱን ቋጠሩ። «እስቴ ወንድሜ አለ። እዚያ እሄዳለሁ።»

መውቀሪያውን ልመልስላቸው ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም።

«ያዢው። እጅሽ ዛሬ ደረሰ ማለት ነው። ግን ሦስቱን ቀን አልረሳልሽም፣ እናኑ። ቅዳሜ ብትናገሪ እንስራዬ አይሰበርም ነበር።»

ከወንዙ ማዶ እስኪሰወሩ ቆሜ አየኋቸው። አንዴም ዞር አላሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ ብዙ ነው፤ ሁሉን አልጽፈውም። አባቴ የፈራው አልቀረም፤ ባል አልመጣም፤ ሥራ ግን መጣ። በንፋስ መውጫ የዳቦ ቤት ወፍጮ ይዤ ነበር፤ የምስለኔው ግቢም ይጠራኝ ነበር። ዋጋው ዱቄት ወይም እህል ነው፤ አልተራብሁበትም። የትም ስሠራ አገዳ አስር ነበር። ሥራውን ስጨርስ ደግሞ የተበላሸ ጥግ ካለ ለባለቤቲቱ በአፌ መናገር አለብኝ ብዬ ለራሴ ደነገግሁ። ከመውቀሩ ይህ ይከብደኛል።

አንዴ ወገዳ አገር አንድ ትልቅ ባላባት ቤት ለሠርግ ተጠራሁ። ስምንት ወፍጮ ተደርድሮ፣ ስምንት ሴቶች እህል ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል። የቤቱ እሜቴ ድምፃቸው እንደ ነጋሪት ነው። ስምንተኛውን ስወቅር እጄ ደክሞ ነበርና አገዳዋ ተሰበረች።

«ይህ ወፍጮ… እስከ ነገ አይፈጭበት» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«እጄ ተሳስቷል። ነገ እንደገና እወቅረዋለሁ።»

«ሙሽራ እየመጣ? ማነሽ አንቺ? ፍጩበት!»

የድንጋዩ ገጽ ላይ ተቀመጥሁበት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሜቴ ዱላ አንሥተው ቆዩና «ይቺ ዕብድ ናት፤ በሰባቱ ፍጩ» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ስወቅረው አንዲት ፍንካች መጁ ሥር ወጣች። በመዳፌ ይዤ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚልኩት እኔ ዘንድ ነበር።

ለእቴ አዝመራ በነጋዴ እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰላምታ ልኬያለሁ። መልስ አልመጣም። ሞተሩ ሲገባና ሥራው ሲያልቅ ብረቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኝ ጀመር። የእኔ አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ አወረድሁት። በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በእግር እስቴ ሄድሁ።

ከወንድማቸው ቤት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

«ማነሽ?»

«እናኑ ነኝ።»

በመዳፋቸው የያዝሁትን ዳበሱ።

«ብረቱን ይዘሽ መጣሽ?»

«ልመልስልዎ ነው። ሥራው አለቀ፤ ሞተር ገባ።»

«እዚህ ሞተር አልገባም» አሉ። «ወፍጮዬ ልሟል።»

ወፍጮው ወደ ውስጥ ነው። የወንድማቸው ሚስት ከነልጆቿ መጣች፤ ጎረቤቶችም እንግዳ ሊያዩ ገቡ፤ ቤቱ ሞላ። አገዳ ልፈልግ ወደ ጓዳው ስመለከት «የለም። እንዲሁ ምቺ» አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ተደገፉ።

መታሁ። «ጢን፣ ጢን።» አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ «ይቺ ናት እንዴ ያቺ?» ስትል ሰማሁ። እጄ ሲደነግጥ ታወቀኝ። «ጩክ» አለ፤ አንድ ብቻ፣ ትንሽ። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። ፊታቸው አልተለወጠም።

ብረቱን አስቀመጥሁ።

«ይቺ ጥግ ተበላሽታለች» አልሁ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ። «እጄ ተሳስቷል። እንደገና ልውቀራት።»

ወቀርኋት። አጠብሁት። ገብስ ፈጨሁና ለዶሮ ጣልሁ። ደግሜ ፈጨሁ። ከዱቄቱ ቆንጥሬ በመዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። አፋቸው አስገቡ። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቀሩት ጥቂት ጥርሶቻቸው፣ ቀስ እያሉ አኘኩ። የወንድማቸው ሚስት ልማዳቸውን ታውቃለችና የሚተፉበትን ገል አቀረበችላቸው።

በእጃቸው ገሉን ገፋ አደረጉት። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ዋጡት።